የተቃዋሚው ወንበር የት ገባ?

ማታ ማታ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚካሄደውን የእምነት ክርክር ለአፍታ ያዳመጠ ሰው ሁለት ዓይነት ተከራካሪ አያጣም። አንደኛው «ቶማስ አኩዊናስ የእግዚአብሔርን መኖር በአምስት መንገድ አረጋግጦ ጨርሶታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ ወይ አላዋቂ ነው ወይ ልቡ ደንድኗል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ጋሊሊዮን ለፍርድ ካቆመች ቤተ ክርስቲያን ጋር ስለ ፍልስፍና ማውራት ጊዜ ማባከን ነው» ብሎ ይስቃል። ደጋፊ ያጨበጭባል፤ ስጦታ ይዘንባል፤ ሌሊቱ ሲጋመስ ሁለቱም አሸናፊ ሆነው ይተኛሉ።

ሁለቱም ግን አንድ ገጽ አላነበቡም። ያ ገጽ ቶማስ «ሱማ ቴዎሎጊያ» በተባለው ሥራው ውስጥ እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም ብሎ የሚጠይቅበት ነው። እዚያ ላይ መጀመሪያ የተጻፉት አምስቱ መንገዶች አይደሉም። መጀመሪያ የተጻፈው የማያምነው ሰው መከራከሪያ ነው። አንደኛ፣ ወሰን የሌለው በጎነት ካለ ክፋት ስፍራ ሊኖረው አይገባም ነበር፤ ክፋት ግን አለ፤ እንግዲያው እግዚአብሔር የለም። ሁለተኛ፣ በዓለም የሚታየው ሁሉ በተፈጥሮ፣ በሰው አእምሮና በሰው ፈቃድ ሊብራራ ይችላል፤ እንግዲያው ሌላ ምክንያት መፈለግ ትርፍ ነው። ዛሬ በዩቲዩብ እንደ አዲስ ግኝት የሚቀርበው የኢ-አማኒ ክርክር ከእነዚህ ከሁለቱ ብዙም አይርቅም። የጻፈው ግን ከ700 ዓመት በፊት የኖረ፣ ቅዱስ የተባለ መነኩሴ ነው። ያውም ሳያሾፍና ሳያዳክም።

ነጥቡ እንግዲህ ይህ ነው። የካቶሊክ አስተሳሰብ ታላቅ የነበረው ለተቃዋሚው ወንበር በሰጠበት ጊዜ ነው፤ የኮሰመነው ደግሞ ወንበሩን ባነሳበት ጊዜ። «እምነትና አእምሮ ይስማማሉ» የሚለው መፈክር ያለዚያ ወንበር ባዶ ነው። «እምነትና አእምሮ ጠላት ናቸው» የሚለውም የዚያን ወንበር ታሪክ ካለማወቅ የሚመጣ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተጠየቅ!

የመካከለኛው ዘመን የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ክርክር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። በላ ልበልሃን የሚያውቅ ሰው መንፈሱን ይረዳዋል። አንዱ ወገን «ተጠየቅ!» ሲል ሌላው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አያልፍም። ነጥቡን ይዞ፣ በዚያው ዳኛ ፊት፣ በዚያው ሸንጎ መካከል ይመልሳል። ባላጋራው ያልተሰማበት ሙግት ፍርድ አይባልም። በፓሪስም ጥያቄ ይቀርባል፤ ተቃውሞ ይደረደራል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መምህሩ ተነሥቶ ውሳኔውን ይሰጣል፤ ቀጥሎም ለእያንዳንዱ ተቃውሞ በየተራ ይመልሳል። ከልደት በዓል በፊት ባለው የዝግጅት ወቅትና በዐቢይ ጾም ደግሞ ማንም ሰው ማንኛውንም ጥያቄ ለመምህሩ የሚወረውርበት ልዩ ጉባኤ ነበር። ቶማስ በእንዲህ ያለ ጉባኤ ፊት የተቀመጠ ሰው ነው። «ሱማ»ው ከ2,600 በላይ አንቀጾች አሉት፤ አንቀጾቹ የሚጀምሩት ከተቃውሞ ነው።

ከማን ጋር እንደተወያየም ልብ ማለት ያስፈልጋል። በ1210 በፓሪስ የተሰበሰቡ ጳጳሳት የአርስቶትልን የተፈጥሮ ፍልስፍና መጻሕፍት ማስተማርን ከልክለው ነበር፤ እገዳው በ1215 ተደገመ። በ1255 ግን የዚያው ዩኒቨርሲቲ የጥበባት ፋኩልቲ የአርስቶትልን መጻሕፍት የትምህርቱ አካል አደረጋቸው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የተከለከለው መጽሐፍ የግድ የሚነበብ ሆነ። ቶማስ ማስተማር የጀመረው በዚህ ትኩስ ሰዓት ነው። አርስቶትልን ያነበበው ሙስሊሞቹን ኢብን ሲናንና ኢብን ሩሽድን ተከትሎ፣ አንዳንዴም ተቃውሞ ነው። አይሁዳዊውን ሙሴ ማይሞኒድስን በክብር እየጠቀሰ ይስማማዋል፤ በክብር እየጠቀሰም ይለየዋል። ዛሬ በቶማስ ስም «ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይነካን» የሚል ሰው ቶማስ በማን ትከሻ ላይ ቆሞ እንዳየ አልጠየቀም።

የ1277 ፈተና

ቶማስ መጋቢት 7 ቀን 1274 ሞተ። ልክ በሦስተኛ ዓመቱ፣ መጋቢት 7 ቀን 1277፣ የፓሪሱ ጳጳስ ኤትየን ታምፒየ በዩኒቨርሲቲው ይነገራሉ የተባሉ 219 አንቀጾችን አወገዘ። ከእነዚህ ጥቂቶቹ የቶማስን ትምህርት የሚነኩ ነበሩ። በዚያው ወር በ18ኛው ቀን የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሮበርት ኪልዋርድቢ በኦክስፎርድ 30 አንቀጾች እንዳይስተማሩ ከለከለ፤ ከእነሱም ውስጥ የቶማስን የነፍስና የሥጋ አስተምህሮ የሚመቱ ነበሩበት። ኪልዋርድቢ ራሱ እንደ ቶማስ ዶሚኒካዊ ነበር። የገዛ ማኅበሩ ወንድም ማለት ነው።

ከዚያስ? ቶማስ በ1323 ቅድስናው ታወጀ። በ1325 የፓሪሱ ጳጳስ የ1277ቱን ውግዘት ቶማስን በሚነካበት በኩል ሻረው። በ1567 ደግሞ የቤተ ክርስቲያን መምህር የሚል ማዕረግ ተሰጠው።

እዚህ ላይ ለዘመናችን የቶማስ ጠበቆች አንድ ጥያቄ ይቀርባል። በ1277 ፓሪስ ውስጥ ቢኖሩ ኖሮ ከማን ጎን ይቆሙ ነበር? ያን ጊዜ አደገኛውና «አረማዊ ፍልስፍና አስገባብን» የተባለው ወገን የቶማስ ነበር። አስተማማኙና በሥልጣን የተጠበቀው ደግሞ የጳጳሱ ማኅተም ነበር። ዛሬ ማንኛውንም አዲስ ጥያቄ በቶማስ ስም የሚዘጋ ሰው ባሕርዩ የታምፒየ ነው፤ የቶማስ የሆነው ጥቅሱ ብቻ ነው።

አጥር የሆነው ሊቅ

ነሐሴ 4 ቀን 1879 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ወደ ቶማስ እንዲመለሱ የሚያሳስብ መልእክት አወጡ። ዓላማው ጥሩ ነበር። ዘመናዊው ፍልስፍና እየገሰገሰ ሳለ የሴሚናሪ ተማሪው እጁ ባዶ ነበር፤ ስለዚህ ጠንካራ መሣሪያ ይሰጠው ተባለ።

በ35 ዓመት ውስጥ ግን መሣሪያው አጥር ሆነ። በ1907 «ዘመናዊነት» የተባለው አስተሳሰብ ተወገዘ፤ በ1910 ቀሳውስትና መምህራን ይህን አስተሳሰብ የሚቃወም መሐላ እንዲምሉ ታዘዘ፤ መሐላውም እስከ 1967 ቆየ። በ1914 የቶማስ ፍልስፍና በ24 አንቀጾች ተጠቅልሎ በሮም ጸደቀ። ከ2,600 በላይ ጥያቄ የጠየቀ ሰው 24 መልስ ብቻ ሆኖ ቀረ። በ1917 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ መምህራን ፍልስፍናንና ሥነ መለኮትን በቶማስ ስልትና መርህ እንዲያስተምሩ ደነገገ። የሴሚናሪ መማሪያ መጻሕፍትም ተቃዋሚውን በሁለት መስመር እያቀረቡ በአንድ መስመር ይጥሉት ጀመር። ካንት በአንድ አንቀጽ ተረታ፤ ሄግል በግርጌ ማስታወሻ።

በዚህ መሐል የሆነው ነገር ያሳዝናል። ማሪ ዶሚኒክ ሼኑ የተባለው ዶሚኒካዊ ቶማስን በዘመኑ ውስጥ አስቀምጦ ማንበብ ይገባል አለ፤ ጥያቄው ከየት እንደመጣ፣ ከማን ጋር እየተከራከረ እንደነበር ይታይ አለ። በ1937 ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ በ1942 የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ገባ። ቶማስን ከልቡ ያነበበው ሰው በቶማስ ስም ተቀጣ። ኢየሱሳዊው አንሪ ደ ሉባክ በ1950 ከማስተማር ተነሣ። ኢቭ ኮንጋር በ1954 ማስተማር ተከልክሎ ከአገር አገር ተንከራተተ። ከዚያ በፊትም ጣሊያናዊው ቄስና ፈላስፋ አንቶኒዮ ሮዝሚኒ ሞቶ እንኳ አላረፈም፤ በ1855 ካረፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ከጽሑፎቹ የተለቀሙ 40 አንቀጾች ተወገዙ።

ታሪኩ እንዴት እንዳለቀ ደግሞ ይታወቃል። ኮንጋርና ደ ሉባክ በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (1962–1965) በአማካሪነት ተጠሩ፤ ኋላም ካርዲናል ሆኑ፤ ደ ሉባክ በ1983፣ ኮንጋር በ1994። የሮዝሚኒ ጉዳይ በ2001 እንደገና ተመርምሮ የቀድሞው ሥጋት የተሻረ መሆኑ ተገለጸ፤ በ2007 ብፁዕ ተባለ። በ1998 ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ስለ እምነትና አእምሮ ባወጡት መልእክት ሮዝሚኒን ከአርአያዎቹ አንዱ አድርገው ጠቀሱት። በዚያው መልእክት ቤተ ክርስቲያን የራሷ የሆነ ፍልስፍና እንደሌላት፣ አንዱን ፍልስፍና ከሌሎቹ ለይታ እንደማታጸድቅም አስታወቁ።

መልካም ነው። ነገር ግን «ኋላ ተስተካከለ» ብሎ ማለፍ አይገባም። የሼኑና የኮንጋር የሥራ ዓመታት ማንም ሊመልሰው የማይችል ዋጋ ነው። ትልቁ ኪሳራ ደግሞ ሌላ ነው። ከጉባኤው በኋላ ያ የመማሪያ መጽሐፍ ቶማሳዊነት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሴሚናሪዎች ተጠርጎ ወጣ። ለምን እንዲህ በቀላሉ? ለአሥርተ ዓመታት ተቃዋሚ ስላልገጠመው ነው። ያልተፈተነ ጡንቻ ሸክም ሲመጣበት አይችልም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሌላኛው በር

ይህን ሁሉ ሰምቶ «አላልኳችሁም?» የሚለው ሁለተኛው ተከራካሪ ግን ቶሎ ደስ አይበለው። ታሪኩ አጥር ብቻ አይደለም።

በዚያው በሊዮ 13ኛ ፍላጎት በ1889 በሉቨን፣ ቤልጂየም፣ አንድ የፍልስፍና ተቋም ተቋቁሞ ነበር። ኤድመንድ ሁሰርል በ1938 ሲሞት በአይሁድ ትውልዱ ምክንያት በናዚዎች ዘንድ የተገፋ ሰው ነበር። 40,000 ገጽ ያህል የእጅ ጽሑፉ በፍራይቡርግ ለጥፋት ተጋልጦ ቀረ። ያን ጽሑፍ ከጀርመን አውጥቶ ሉቨን ያደረሰው ኸርማን ሊዮ ቫን ብሬዳ የተባለ ወጣት ፍራንቸስካዊ መነኩሴ ነው። የሁሰርል ሚስትም በጦርነቱ ጊዜ በቤልጂየም ገዳም ተሸሸገች። የዘመናችን ፍልስፍና አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ዛሬ የሚጠናው የካቶሊክ መነኩሴ ሕይወቱን አደጋ ላይ ጥሎ ባዳነው ወረቀት ነው።

የሁሰርል ረዳት የነበረችው ኤዲት ሽታይንም አለች። ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዳ፣ እምነቷን ትታ፣ ፈላስፋ ሆና፣ ኋላ ካቶሊክ ሆነች። ለመምህሯ 70ኛ ዓመት በ1929 በታተመው የመታሰቢያ መጽሐፍ ላይ ሁሰርልንና ቶማስን የሚያነጻጽር ጽሑፍ አወጣች። መጀመሪያ የጻፈችው ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲነጋገሩ አድርጋ ነበር፤ የመጽሐፉ አዘጋጅ ማርቲን ሃይድገር ግን ወደ ተራ ድርሰት እንድትለውጠው አደረገ። ውይይቱን ወደ ድርሰት ያስለወጠው በዚህ ጊዜ ጳጳስ አልነበረም፤ ፈላስፋ ነበር። ሽታይን በ1942 በአውሽቪትስ ተገደለች። በ1998 ቅድስናዋ ታወጀ።

ጥር 19 ቀን 2004 ደግሞ በሙኒክ የካቶሊክ አካዳሚ ዩርገን ሃበርማስና ካርዲናል ዮሴፍ ራትዚንገር አንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። ሃበርማስ አማኝ አይደለም። ራትዚንገር ደግሞ ሼኑን የቀጣው መሥሪያ ቤት ወራሽ የሆነው የእምነት ትምህርት ጉባኤ ኃላፊ ነበር። አንዳቸውም ሌላውን አላሳመኑም። ራትዚንገር ግን ሃይማኖት አደገኛ በሽታ ሊይዘው እንደሚችልና አእምሮ ሊያጠራው እንደሚገባ አመነ፤ አእምሮም የራሱ በሽታ እንዳለው ጨመረ። ሃበርማስ በበኩሉ ዓለማዊው ኅብረተሰብ ከሃይማኖት ባህሎች የሚማረው እንዳለ ተቀበለ። እያንዳንዱ ከገዛ ወገኑ ላይ አንድ ነገር ለቀቀ። ውይይት የሚባለው ይህ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ

ወንበር ይሰጥ ከተባለ ለዚህ ጽሑፍም ተቃዋሚ ወንበር ይገባዋል። ከባዱ ተቃውሞ እንዲህ ይላል፦ «ሥነ መለኮተኛው መልሱን አስቀድሞ ያውቃል። ጥያቄው ለይስሙላ ነው። መድረሻው የተወሰነ ጉዞ ፍለጋ አይባልም።» በርትራንድ ራስል ቶማስን የነቀፈው በዚህ ነው። ፈረንሳዊው የፍልስፍና ታሪክ ጸሐፊ ኤሚል ብሬየም ክርስቲያናዊ ሒሳብ እንደሌለ ሁሉ ክርስቲያናዊ ፍልስፍናም የለም ብሎ ተከራከረ፤ በ1931 በፓሪስ በተደረገው ክርክር ካቶሊካዊው ኤትየን ዢልሶን ፊት ለፊት ተቃወመው።

ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ካቶሊካዊው ሊቅ በሥላሴ ላይ ድምፅ አያሰጥም። ይህን መደበቅ ሐቀኝነት አይደለም። ሆኖም ማንም ሰው ከባዶ ሜዳ ተነሥቶ አያስብም። የመነሻ እምነት መኖሩ በራሱ ሐሳብን ሐሰት አያደርገውም። ፈተናው ሌላ ነው፤ ሰውየው ለሚወደው መደምደሚያ ሲል ደካማ ክርክር ይቀበላል ወይ?

ቶማስ ይህን ፈተና አልፏል፤ ማስረጃው የዓለም መጀመሪያ ጉዳይ ነው። አርስቶትል ዓለም መጀመሪያ የለውም ብሎ ነበር። ቶማስ መጀመሪያ እንዳለው በእምነት ይቀበላል። በዘመኑ እነ ቦናቬንቱራ ይህን በአእምሮ ማረጋገጥ ይቻላል አሉ። ለአማኝ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ቶማስ ግን አይቻልም አለ። ማስረጃችሁ አይበቃም፤ በእምነት የያዝነውን በደካማ ክርክር ስንደግፍ የማያምኑት ይስቁብናል፣ የምናምነው በዚህ ምክንያት ይመስላቸዋል ብሎ አስጠነቀቀ። ከገዛ ወገኑ ጋር ተጣልቶ፣ እሱ ራሱ ላመነበት ነገር የቀረበለትን ማስረጃ ውድቅ አደረገ። መልሱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ብሬየና ራስል ሊመልሱት የሚገባው ይህን ነው። በየሌሊቱ «አምስቱ መንገዶች!» እያለ የሚጮኸውም ሰው እንዲሁ።

ከእኛ ደጅ

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የካቶሊክ ሊቃውንትን በሁለት መልካቸው አይታቸዋለች።

ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ገብቶ በቤተ መንግሥት በክርክርና በማስረዳት ሥፍራ አገኘ። በእሱም ጊዜ ደም ፈሷል፤ ሆኖም ቋንቋ ተምሮ፣ ታሪክ ጽፎ፣ የአገሩን ሊቃውንት እየሰማ ነበር። በ1622 ሞተ። በ1625 የመጣው አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ዳግመኛ ጥምቀትና ዳግመኛ ክህነት ጠየቀ፤ ለዘመናት የቆየውን ሥርዓት በትእዛዝ ሊለውጥ ተነሣ። አገር በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰች፤ በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞውን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቁ። ወንበር በትእዛዝ ሲተካ ክርክሩ የሚቀጥለው በጦር ነው።

ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1953፣ ሌላ ኢየሱሳዊ መጣ፤ ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፍልስፍና አስተማረ። ከ1974 ጀምሮ የኢትዮጵያን ፍልስፍና በአምስት ቅጽ አሳተመ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ከተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ አንሥቶ እስከ ዘርዓ ያዕቆብና ወልደ ሕይወት ሐተታ ድረስ። ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ሐተታውን የጻፈው ካፑቺኑ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ነበር፤ ሰምነር የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ልብ የሚነካው ግን ሌላ ነው። ሐተታው ፈረንጆችንም ግብፃውያንንም እኩል ይጠይቃል፤ ምንኩስና የፈጣሪን ሥርዓት ይቃረናል ይላል። ሰምነር ፈረንጅ ነበር፤ ካቶሊክ ነበር፤ ሚስት የሌለው ኢየሱሳዊ ነበር። የገዛ ሕይወቱን የሚነቅፍ መጽሐፍ ለዓለም ሲያስተዋውቅ ዓመታት አሳለፈ። ሜንዴዝ ካደረገው ሁሉ ይልቅ ይህ ሥራ ለካቶሊክ ስም ክብር ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የካቶሊክ ሕግ ለክህነት የሚዘጋጅ ሰው ከሥነ መለኮት ጋር ቢያንስ የሁለት ዓመት የፍልስፍና ትምህርት እንዲወስድ ያዛል። ድንቅ ሕግ ነው፤ ዋጋ የሚኖረው ግን በእነዚያ ሁለት ዓመታት ተማሪው እውነተኛ ተቃዋሚ ካነበበ ነው፤ በሁለት መስመር የተዳከመውን ሳይሆን ከነሙሉ ጉልበቱ። ይህ ለካቶሊክ ብቻ የተነገረ አይደለም። የሰንበት ትምህርት ቤት፣ የወንጌላውያን ኮሌጅ፣ የመስጊድ ደርስ፣ የዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ክፍል፣ ሁሉም ይመለከተዋል። «ፍልስፍና ያስክዳል» ተብሎ ጥያቄው የታፈነበት ወጣት ጥያቄውን አይተወውም፤ ቤቱን ይተዋል። «ሃይማኖት ያደነዝዛል» ተብሎ የተነገረውም ወጣት ዘመናትን ያስቆጠረ የአስተሳሰብ ሀብት ሳያየው ይቀራል። ሁለቱም የሚጎዱት ሌላ ሰው ባዘጋጀላቸው ስንፍና ነው።

በሚቀጥለው ክርክር ላይ የሚቀርብ ማንኛውም ተከራካሪ አንድ ነገር ብቻ ይጠየቅ። አፉን ለመልስ ከመክፈቱ በፊት የባላጋራውን ሐሳብ ባላጋራው ራሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» እስኪል ድረስ ይናገር። ያን ማድረግ ካልቻለ ቶማስንም ራስልንም ስም አይጥራ። ተጠየቅ!